በጥርስ የመጣ ለቅሶ

ስልኩን ያነሳችው በግራ እጇ ነው፤ ቀኝ እጇ የተማሪ ሸሚዝ ኮሌታ ከመርፌው ስር ይዞ ነበር። "ሃሎ" ለማለት አፏን ስትከፍት ትናንት ጥርስ የተነቀለበት መንጋጋዋ ጠዘጠዛት። ከወዲያኛው ጫፍ ግን ሰላምታ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ባሕር ተሻግሮ የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል።

"ለምን ደበቃችሁኝ እታለም? እኔ ባዳ ነኝ? የቤቴን ሐዘን ከቴሌቪዥን ልስማ?"

"የምን ሐዘን?"

"የልጁን ነዋ! የልጃችንን!"

የልብስ ሰፊዋ እግር ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ተንሸራተተ። ያላት አንድ ልጅ ነው። እሱም የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጎማ ጭኖ ጦርነቱ ወደተነሳበት አውራጃ ካቀና በኋላ የዚያ አገር ስልክ ተቋርጦ ድምፁን አልሰማችም። "የጠፋው መስመሩ እንጂ እሱ አይደለም" እያለች ራሷን ስትሸነግል ከርማለች።

"ምን ሰማህ? ማን ነገረህ? አትቆራርጥብኝ፣ አንዴ ንገረኝ!"

"ማን ይነግረኛል? አንቺን አየሁሽ እንጂ! ፊትሽን በሁለት እጅሽ ይዘሽ፣ እንባሽ እየወረደ፣ ከኋላሽ ቤቱ ፈራርሶ... 'በጦርነቱ የቅርብ ሰዋቸውን ያጡ እናት' ይላል ከሥሩ። መሥሪያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ሲያጽናናኝ ነው የዋለው። ከተማው እንዲህ ሆኖ እስካሁን እዚያ ምን ትሠራላችሁ?"

"ከተማው ምን ሆነ?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ?"

ፎቶውን ላከላት። ራሷ ናት። ትናንት ከጥርስ ሐኪሙ ደጅ ስትወጣ። ከኋላዋ ያለው ፍርስራሽ ማዘጋጃ ቤቱ ለመንገድ ማስፋፊያ ያፈረሰው የጫማ መደብር ነው፤ ቀሪው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መደርደሪያ እንኳ ይታያል። ትልቅ ካሜራ ያንጠለጠለ የውጭ አገር ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ አይታው ነበር። የፈረሰውን ግንብ የሚያነሳ መስሏት ዞር በልልኝ እንኳ ሳትል አልፋዋለች።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ጥርሴን ተነቅዬ ስወጣ ነው!"

"እታለም፣ እኔን ለማጽናናት ብለሽ እንዲህ ያለ ነገር አትፍጠሪ።"

"ጥርሴን ነው እያልኩህ! የኋለኛውን መንጋጋ! ግንቡንም ያፈረሰው ማዘጋጃ ቤት ነው!"

"ለጥርስ እንዲህ ይለቀሳል?"

"የእኔ መንጋጋ በአንተ አፍ ውስጥ በሆነና ባየሁህ!"

ግማሽ አምኖ ግማሽ ተጠራጥሮ ስልኩን ዘጋ። እሷ ግን ፎቶውን ደጋግማ ባየችው ቁጥር የራሷን ነገር መጠራጠር ጀመረች። ሐኪሙ ወንበር ላይ ሳለች አንዲት ጠብታ አላነባችም። ያለቀሰችው ደጅ ወጥታ፣ ማንም ሳይነካት ነው። አንዴ ከጀመራት በኋላ ማቆም አቅቷት ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ እንባ የጥርስ ብቻ ነበር? ደግሞስ ያ ሰውዬ ያየውን ጽፎ ይሆን ወይስ የሰማው ነገር ኖሮ?

ባሏ ከጓዳ ወደ ሱቁ ብቅ አለ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ዛሬም ግድግዳ ባየ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ታችኛውን ጥግ ይፈትሻል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ገፍቶ ስልኳን ዓይኑ ድረስ አስጠጋው።

"ጉንጭሽ እኮ ድንች አክሏል። ይሄን ያላየ ሰው ነው ጦርነት የሚያይልን?"

"አትቀልድ። የሰሙት ነገር ቢኖርስ?"

"ማን ይሰማል? ስልኩ እንደሆነ ለእኛም ለእነሱም ያው ዝግ ነው።" እንዲህ ይበል እንጂ ስልኩን ከመመለሱ በፊት ፎቶውን ደግሞ አየው።

ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሁለት ደንበኞቿ መጡ። ፎቶው እነሱም ዘንድ ሳይደርስ አልቀረም፤ ልብስ አልያዙም። አንደኛዋ ትከሻዋን እቅፍ፣ ሌላዋ እጇን ጥብቅ አድርገው ከጎኗ ተቀመጡ።

"አይዞሽ እንግዲህ።"

"ምን ሰማችሁ?" አለቻቸው።

ተያዩ። "እኛማ ምን እንሰማለን?"

መርዶ የሚደብቅ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ምንም ያልሰማ ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው። ልብስ ሰፊዋ የአንደኛዋን ዓይን ብታይ ወደ መሬት ሰበረችው፤ የሌላዋን ብታይ እንባ አቅርሯል። እነሱ ከእሷ አፍ፣ እሷ ከእነሱ አፍ ልትሰማ ተፋጠጡ። ከዚያ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። እሱም ምንም አልሰማም፤ ግን "ጠንከር በይ" አላት። በመስኮቱ ሲታይ መንገዱ እንደወትሮው ነው፤ ታክሲው ይጮኻል፣ ተማሪዎች እየተገፋፉ ያልፋሉ፣ አስፋልት ዳር አንዱ የስልክ ካርድ ይሸጣል። ውጭ አገር ግን ይህ መንገድ ነድዷል አሉ። ማንን ትመን? መንገዱን አምና እንዳትረጋጋ ሰዎቹ አጠገቧ ተቀምጠዋል።

ባለ ወፍጮዋ የመጣችው እነሱ ሻይ ፉት እያሉ ሳለ ነው። ቅንድቧ ላይ ዱቄት እንደተቀባ ነው፤ ወፍጮዋን አጥፍታ በሩጫ መምጣቷ ያስታውቃል። ሁለቱ ሴቶች ጎረቤት ብቻ ሳይሆኑ ልጆቻቸውን እየተቀባበሉ ያሳደጉ ናቸው። የባለ ወፍጮዋ ልጅ ከዘመቱት አንዱ ነበር፤ ባለፈው ክረምት አልተመለሰም። ያን ሰሞን ሰው ቤት መሰብሰብ በአዋጅ ተከልክሎ ነበርና ሐዘኗን በሯን ዘግታ ከባዶ ቤት ጋር ነው የተወጣችው። ልብስ ሰፊዋ እንኳ በጓሮ አጥር ተሹለክልካ እየገባች ነበር አብራት የምታለቅሰው።

ባለ ወፍጮዋ መጥታ አቀፈቻት። አላለቀሰችም። ጀርባዋን ብቻ ከላይ ወደ ታች ደጋግማ አሸቻት። ይሄ ከሁሉም ባሰ።

"ነይ ወደ ጓዳ" ብላ ልብስ ሰፊዋ እጇን ጎተተቻት። ባሏም ተከተላቸው። በሩን ገርበብ አድርጋ አፏን ከፈተችላት፣ የተነቀለውን ቦታ አሳየቻት፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ጫማ መደብሩ፣ ስለ ወንድሟ ስልክ አንድ ባንድ ነገረቻት። ባለ ወፍጮዋ አፏን አየች፣ ፎቶውን አየች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ጥርስ?"

"ጥርስ።"

ባለ ወፍጮዋ ሳቀች። ሳቋ ሲጀምር የሳቅ ነበር፤ መጨረሻው ግን ምን እንደሆነ አልታወቀም። "እኔ ያን ያህል ስጮኽ አንድ ፎቶ የሚያነሳኝ ጠፋ" አለች ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች፤ ዱቄቱና እንባው ጉንጯ ላይ ተለወሰ። "አንቺ በጥርስሽ ዓለምን አስለቀስሽ!"

"ይቅር በይኝ።"

"ምን አደረግሽኝ? ኧረ እንኳን ጥርስ ሆነ።"

ስልኩ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ልብስ ሰፊዋ አነሳችና "ሃሎ" አለች።

"እማ! አባዬ ነው? አባዬ ነው አይደል? አትደብቂኝ!"

"ልጄ! ልጄ አንተ ነህ? የት ነህ?"

"መስመር ያለበት ከተማ ገብተናል። ረዳቴ ስልኩ ላይ አሳየኝ፣ እናትህ ናት እንዴ ብሎ። አባዬ ነው የሞተው?"

ባልየው ስልኩን ከእጇ ነጠቃት። "አለሁ! ማን ገደለኝ? ምሳዬን በልቼ ነው የተቀመጥኩት!"

በስልኩ ውስጥ ልጁ እያለቀሰ ሲስቅ ሦስቱም ሰሙት። ባለ ወፍጮዋ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን መልሳ ወሰደች። የጥርሱን ነገር በሁለት ቃል ነገረችው። ልጁ ግን ሳቁን አቆመ።

"እማ፣ አሁን ችግር አለ። ለባለ መኪናው ደውዬ ቤቴ ሐዘን ነው፣ ልመለስ ብዬዋለሁ። ነገ ጠዋት በወታደር ታጅበን ወደ ውስጥ እንገባለን ተብሎ ነበር። ወደ ውስጥ ከገቡት መኪኖች የወጣ አላየሁም። ይደውልልሻል። ማን እንደሞተ ይጠይቅሻል። ሌላ ሹፌር ስለሌለው ጭነቱ ይቆምበታል፤ ዝም ብሎ አያምንም።"

"እና ምን ልበለው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ እማ?" አለና መስመሩ ተቆረጠ።

ከሱቁ የሴቶቹ ሹክሹክታ ይሰማል።

"እኔን ሞቷል በይው" አለ ባልየው።

"ዝም በል! ሟርተኛ!"

"ምን ሟርት አለው? ለልጄ የእውነቱን ሞት እሞት የለም? የስልክ ሞት ምን ይገደኛል? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ሲባል አልሰማሽም?"

"አፍህን ያዝልኝ አልኩ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሞተ ብዬ ነገ አንዱ ነገር ቢደርስብህስ?"

እየተጨቃጨቁ ሳለ ስልኩ እንደገና ጠራ። ባለ መኪናው ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን የቸኮለ ነው።

"እናቴ፣ እንደምን ነዎት? ልጁ ሐዘን ደረሰብን ብሎኝ ነው። ፎቶዎንም አየሁት። ማን ነው ያረፈው?"

ልብስ ሰፊዋ ባሏን አየችው። አገጩን እያንቀሳቀሰ "በይ፣ በይ" ይላታል። "የሞተው..." አለችና ቀሪውን ተወችው።

"ሃሎ? እናቴ?"

ባለ ወፍጮዋ ከአልጋው ተነስታ እጇን ዘረጋች። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ደግሞ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። የዚያች እጅ ግን እንደተዘረጋ ቆየ። ስልኩን ሰጠቻት።

"ያረፈው ልጄ ነው" አለች ባለ ወፍጮዋ። "እናቱ ነኝ። ያንተ ሹፌርና የእኔ ልጅ በአንድ ሳህን፣ በአንድ ፍራሽ ነው ያደጉት። ከማን ሆድ እንደወጡ እስኪረሳን ድረስ። ወንድሙ ነው።"

"ነፍስ ይማር፣ እናቴ። ቀብሩ መቼ ነው? እሱን ልወቅና..."

"እኔም አላውቅም ልጄ። የት እንዳስቀመጡት አልነገሩኝም። ሞተ ብቻ ነው ያሉኝ። አንዳንድ ቀን ይሄም ስህተት ይሆናል እላለሁ።" ትንፋሿን ሳበች። "ያንተው ሹፌር ይምጣልኝ። አንድ ወንድሙ እንኳ አጠገቤ ይቁም።"

ከባለ መኪናው ጀርባ መኪና ሲነሳ ተሰማ።

"መኪናውን እዚያው አቁሞ ይመጣል። ያጽናዎት" አለና ዘጋ።

ባልየው ወደ ግድግዳው ዞሮ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ልብስ ሰፊዋ ማመስገን ፈለገች፤ ግን ለዚህ የሚሆን ምስጋና ከወዴት ይመጣል? ደስ ሊላትም ፈለገች፤ ልጇ ይመጣል እኮ! ደስታው ግን ፊት ለፊቷ የቆመችውን ሴት እያየ ወደ ኋላ ይላል።

"አልዋሸሁም አይደል?" አለቻት ባለ ወፍጮዋ።

"አልዋሸሽም።"

"እንግዲህ ልሂድ። እህል ጥለው የሄዱ ሰዎች አሉ።"

ወደ ሱቁ ሲወጡ ሰው በዝቷል። ከላይኛው ሰፈር የመጡ ሴቶች፣ የሸሚዙ ተማሪ እናት፣ አይታቸው የማታውቅ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመዋል። ወንድሟ ደግሞ መልእክት ልኳል፤ ወሬውን ላወጡት ሰዎች ውሸት ነው ብዬ ልጻፍላቸው ወይ ይላል። አንብባ ስልኩን ለባሏ አቀበለችው።

"ቤቱ ይሄ ነው?" ሲሉ ጠየቁ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። "የሐዘኑ ቤት?"

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። "ማንም አልሞተብኝም፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ" ማለት ትችላለች። እነዚህ ሰዎች ለባለ ወፍጮዋ በዚያ ክፉ ክረምት ሊመጡላት የሚገባቸው ነበሩ። ያኔ ግን የሚመጣ ሁሉ ይከለከል ነበር። ዛሬ ግን ማንም አልከለከላቸው፤ የመጡትም ሥራቸውን ፈትተው ነው።

ባለ ወፍጮዋ በሕዝቡ መሃል አንገቷን ደፍታ ልትወጣ ስትል ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ያዘቻት።

"ቤትሽን ክፈቺ" አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ለምን?"

"ሰው መጥቶልሻል።"

"ወፍጮውስ?"

"ይዋል ተዘግቶ።"

ባለ ወፍጮዋ አንዴ ወደ ሰዎቹ፣ አንዴ ወደ እሷ አየች። እምቢ አላለችም።

"አባቴ፣ የሐዘኑ ቤት ከወፍጮው ጀርባ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ ለሽማግሌው። "ኑ፣ እኔ አሳያችኋለሁ።" ከዚያም ባለ ወፍጮዋን ደግፋ ከፊት ከፊት ሄደች።