የመምህር እንግዳው ፈረሶች

ቀድሞ የተሰማው ኮቴ ነበር። ኮብልስቶኑ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ዓለምነው ከኮምፒውተር ጥገና ሱቁ ውስጥ ሆኖ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ አዳመጠ። የጋሪ ፈረስ ቢሆን የጎማው ድምፅ ይከተለው ነበር፤ ይኼ ግን ብቻውን ነው፣ ዝግ ያለ ነው። ከመብራት እንጨቱ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

"መጡልህ" አለች ሰርክአዲስ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ።

"ሰምቻለሁ።"

"ዛሬስ ምን ልትላቸው ነው?"

ፊቱ ያለው ነጭ ገጽ ከሰኞ ጀምሮ አልተለወጠም። መሀሉ ላይ አንዲት መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለች፤ ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም ትላለች።

ውጭ አያ ወገኔ ዳማውን ፈረስ ራሳቸው አሰሩት። ልጓሙን ለሰው ሰጥተው አያውቁም። ፈረሱ የልጃቸው የመምህር እንግዳው ነበር። መምህሩ በነሐሴ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቶ ከሞተ ወዲህ፣ ከእሳቸው በቀር በላዩ የተቀመጠ የለም። ከዘንገና ቆሰበር ድረስ በዚህ ሳምንት ሲመጡ ይኼ ሦስተኛቸው ነው።

"እንዴት አደሩ፣ አያ ወገኔ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ተከፈተ?"

"ገና ነው።"

"አንተስ ከቢሮዎቹ ባስህ። ነገ ና፣ ነገ ና። ፈረሱ እንኳ መንገዱን ለምዶ ሳልነግረው እዚህ ይቆም ጀመር።"

ሰርክአዲስ ሳቀችና አግዳሚ ወንበሩን በመሀረቧ ጠረገችላቸው። ዓለምነው መሳቅ አልቻለም። እሑድ የመምህሩ የሰማንያ ቀን ተዝካር ነው። ከየቀበሌው ፈረሰኞች ይመጣሉ፤ አያ ወገኔ የልጃቸው ጽሑፍ በእነሱ ፊት እንዲነበብ ይፈልጋሉ። መምህሩ አራት ዓመት ሙሉ በየመንደሩ እየዞረ የፈረሶችን ስም፣ የባለቤቶቻቸውን ስም፣ የትኛው ፈረስ በየትኛው ሠርግና ለቅሶ እንደጋለበ ሲጽፍ ኖሯል። ግማሹን የነገሩት አባቱ ናቸው፤ ማታ ማታ፣ በአገውኛ። እሱ በአገውኛም በአማርኛም ጽፎ ድረ ገጽ አድርጎ አሰናዳው። ቤቱ ኔትወርክ ስላልነበረ ኢንተርኔት ላይ አላወጣውም፤ ያለው እዚችው ዓለምነው ፊት ባለችው የመምህሩ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር።

"እስቲ አስረዳኝ" አሉ ሽማግሌው። "ምንድን ነው አልከፈት ያለው?"

"ሁለት ክፍል አለው፣ አያ ወገኔ። አንዱ ቤቱ ነው በሉት። በሩ፣ ግድግዳው፣ ፎቶዎቹ። ሌላው ጎተራው ነው፤ መምህሩ የጻፉት ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ቤቱ አለ። ጎተራው ግን እንቢ አለኝ።"

"ቁልፉ ጠፍቶ ነዋ።"

"ቁልፉንስ አግኝቼዋለሁ።"

አግኝቶትም ነበር። የዳታቤዙ ስም፣ የተጠቃሚው ስም፣ የይለፍ ቃሉና የአድራሻው መስመር በአንድ ፋይል ውስጥ ተጽፈዋል። ፊደል በፊደል አመሳክሯቸዋል። አድራሻውን ከቃል ወደ ቁጥር ቀይሮ ሞክሯል። ሌላ ፕሮግራም የመገናኛ በሩን፣ ፖርቱን፣ ይዞ ስለነበር እሱን ዘግቶ ሰኞ የጫነውን የዳታቤዝ ፕሮግራም እንደገና አስነሥቷል፤ መሥራቱን የሚያሳየው አረንጓዴ በርቷል። ገጹ ያው ነጭ ነው። ትናንት ዳንግላ ያለው ጓደኛው ይኸነው በስልክ፣ "የዳታቤዞቹን ዝርዝር አይተሃል? ራሱ መኖሩን?" ብሎት ነበር። አላየም። ለምን እንዳላየ ራሱንም አልጠየቀም።

ሰርክአዲስ ሽማግሌው እንዳይሰለቻቸው በእሷ ኮምፒውተር የፈረሶቹን ፎቶዎች እየከፈተች ታሳያቸው ጀመር። ፎቶዎቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው።

"ይቺ ቦራ የሽባባው ናት። አምና ሸጣት። ይኼ ጉራቻ የውቤ ነው፤ እሱም ተሸጧል። ሁሉም በመሬቱ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል። ፈረስ ደግሞ ከሰል አይግጥም።"

"ይኼስ፣ አባባ?"

አያ ወገኔ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ብዙ አዩት።

"ይኼን አላውቀውም። እንግዳው ያውቀዋል።"

ያውቀዋል ማለታቸውን ማንም አላረመም።

ዓለምነው የዳታቤዞቹን ዝርዝር ከፈተ። ከፕሮግራሙ ጋር አብረው የሚመጡት ስሞች አሉ። መምህሩ በፋይሉ ውስጥ የጻፈው ስም የለም። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ በዚያው ስም ባዶ ዳታቤዝ ፈጥሮ ገጹን እንደገና ከፈተው።

ነጩ ገጽ ጠፋ። ስህተቱም ጠፋ። በምትኩ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ለድረ ገጽዎ ስም ይስጡት የሚል ገጽ መጣ።

ያኔ ሐምሌ ትዝ አለው። የሻረግ፣ የመምህሩ ሚስት፣ ኮምፒውተሩን በነጠላ ጠቅልላ በባጃጅ ይዛ መጥታ ነበር። ዝናብ ነበር። "ኮምፒውተሩን ቫይረስ ይዞታል ብሎኛል እንግዳው፤ ከሆስፒታል ሲወጣ ዝግጁ ሆኖ እንዲጠብቀው ነው። የፈረሶቹ ነገር እንዳይጠፋበት" አለችው። "አይጠፋም" አላት። እንደማንኛውም ጊዜ ፎቶውን፣ ዘፈኑን፣ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ዲ ወደሚባለው የኮምፒውተሩ ክፍል ገልብጦ፣ ሲ የሚባለውን ጠርጎ ፎርማት አደረገው። "ፈረሶች" የሚለውን ፎልደር በእጁ ፈልጎ ስላገኘ እንዲያውም ተደስቶ ነበር። ጎተራው ሲ ውስጥ ነበር። የቆሰበር ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ሲታመም የሚያደርገው ይኼንኑ ነው፤ ስለ ዳታቤዝ እስከዚያ ቀን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እሱም በመስኮቱ ዝናቡን እያየ፣ አንድ ቀን ስለሚሄድባቸው አገሮች ሲያስብ፣ ሥራው በአርባ ደቂቃ አለቀ።

ሰርክአዲስ ከኋላው መጥታ ስክሪኑን አየች፤ ፊቱንም አየች። ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል።

"ሐምሌ ላይ ያመጡት ነው?" አለችው በሹክሹክታ።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

"ቫይረስ በላው በላቸው።"

ዓለምነው ዞር ብሎ ሽማግሌውን አየ።

"ሁልጊዜ የምንለው አይደል? ለእሳቸውም እሱ ይሻላል። በቫይረስ ማን ይቀየማል?"

አያ ወገኔ ከወንበራቸው ሆነው ነጩ ገጽ መለወጡን አዩ። ማንበብ አይችሉም፤ ጽሑፍ መምጣቱን ግን ለዩ። ቀስ ብለው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ተከፈተ" አሉ። "ተመስገን። ተከፈተ እኮ።"

"አያ ወገኔ…"

"ቆይ። ከመጀመሪያው አንብብልኝ። መጀመሪያው የአባቴ ፈረስ ነው። እሱን ስነግረው እንግዳው ብዕሩን አስቀምጦ አለቀሰ። እኔ አሁን ግማሹ ጠፍቶብኛል። ልጄ ጽፎታል ብዬ ተውኩት።"

ዓለምነው ስክሪኑን አየ። ሦስት መስመር እንግሊዝኛና ባዶ ሣጥን። በዚያች ቅጽበት በልቡ አንድ አምባላይ ፈረስ ከዘንገና ጉም ውስጥ ብቅ አለ፤ ጋማው ርሷል። ስሙም መጣለት፤ የጋላቢውም ካባ። ይኼን ከልቡ ፈጥሮ እንደ ተጻፈ አድርጎ ማንበብ ይችል ነበር። እሑድ ድረስ ጽፎ፣ አትሞ፣ በፈረሰኞቹ ፊት ማስነበብም ይችል ነበር። አፉን ከፈተ።

"ይኼ የመምህር እንግዳው ጽሑፍ አይደለም" አለ።

"የማን ነው?"

"የማንም አይደለም። አዲስ ለሚጀምር ሰው የሚመጣ ነው። ስም ስጡት ነው የሚለው።"

"የልጄስ?"

"የለም።"

"ቫይረስ ነው፣ አባባ" አለች ሰርክአዲስ ቶሎ ብላ። "ይኼ የኮምፒውተር…"

"ቫይረስ አይደለም" አለ ዓለምነው። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በሐምሌ የሻረግ ስታመጣው ፎቶዎቹን አስቀርቼ ሌላውን ደመሰስኩት። ጽሑፉ ሌላ ቦታ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ማወቅ ነበረብኝ።"

አንድ ከሰል የጫነ አይሱዙ መስኮቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ። አያ ወገኔ እስኪያልፍ ጠበቁ።

"እንግዳው ሰምቶ ነበር?"

"አልሰሙም። እኔም ያወቅሁት አሁን ነው።"

"ጽሑፌ አለ ብሎ ነዋ የሞተ።"

"አዎ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ሰላምታ ዓይነት፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ።

"እርስዎ ቢነግሩኝ እጽፈዋለሁ" አለ ዓለምነው። "የሚያስታውሱትን ያህል። ዛሬ እንጀምር። እሑድ ድረስ…"

"አገውኛ ትሰማለህ?"

"አልሰማም።"

"እ" አሉ።

ባርኔጣቸውን አደረጉ። ኮምፒውተሩን አንዴ ዳሰሱት፤ የሞቀ ነገር እንደሚዳሰስ። ከዚያ በሩን አልፈው ወጡ። ዓለምነው ኮቴው እስኪሰማ ጠበቀ። አልተሰማም።

"አባባ" አለች ሰርክአዲስ በሩ ላይ ቆማ። "አባባ፣ ፈረሱን።"

አያ ወገኔ የመብራት እንጨቱን አልፈው፣ ኮብልስቶኑን በእግራቸው ይዘው፣ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ እየራቁ ነበር። አልዞሩም። ዳማው አንገቱን አንሥቶ፣ ጆሮውን ወደ እሳቸው አቁሞ፣ ገመዱ እስኪወጠር አንድ እርምጃ ሄደ።