በመስኮት የታየው ፊልም

ጸጉር አስተካካዩን ደንበኞቹ «ሃያሲው» ይሉታል። ስለ ፊልም ማንም እንዲቀድመው አይፈልግም፤ ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈበት ደንበኛ ደግሞ አይከራከርም። ሁሌ የሚያነሳው ድሮ በቴሌቪዥን አንዴ ታይቶ የቀረ አንድ ፊልም ነው። «እናንተ ፊልም መች አያችሁ!» ይልና የፊልሙ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ የሚወዳትን ሴት የሚላትን በቃሉ ይወጣዋል፦ «ካንቺ ጋር ዝም ማለት ራሱ ከሌላ ሰው ጋር ከማውራት ይጥመኛል።» ሚስቱንም ያገኛት በዚሁ አነጋገር ነው።

ያልተናገረው ነገር ቢኖር ፊልሙን ያየው ከውጭ ቆሞ፣ በጎረቤት ዝግ መስኮት መሆኑን ነው። አንድም ቃል አልሰማም። የተዋናዮቹ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እያየ ንግግሩን ከራሱ ሞላው፤ ከመደጋገሙ ብዛት ኋላ እሱም ሊያምነው ምንም አልቀረው።

አንድ እሁድ ልጁ ፊልሙን አፈላልጋ በስልኳ ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ተገኘልህ!»

ከቴሌቪዥኑ ጋር ስታገናኘው ላብ አጠመቀው። «ድምፁ ሳይበላሽ አይቀርም» አለ ቀድሞ። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነበር። ሚስቱ መነጽሯን አድርጋ ከፊት ተቀመጠች፤ ያንን አነጋገር ከፊልሙ ሰውዬ አፍ ልትሰማ ነው። «ዛሬ ጉድህ ፈላ፣ ሃያሲው!» አለ በልቡ።

ፊልሙ እዚያ ቦታ ሲደርስ ሰውየው በሩ ላይ ቆመ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው።

«የቧንቧ ሠራተኛው ዛሬም አልመጣም» አለ ሰውየው።

«ባልዲውስ?» አለች ሴትየዋ።

ልጅቷ በሳቅ ፍርስ አለች። እሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዕድሜ ልኩን ሲፎክር ኖሯል፤ ያውም በቧንቧ!

ሚስቱ ግን አልሳቀችም።

«ታዲያ ያንን ማን ነው ያለው?»

«የቱን?»

«የኔን ነዋ!»

«እኔው ነኝ… በመስኮት ነው ያየሁት፤ ድምፁ አይሰማም ነበር። አፈር ስሆን፣ እንዳትቀየሚኝ።»

«አይ አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ዓመት ‹ምናለ አንድ ቀን እንኳ ከራሱ ቢናገረኝ› ስል ኖርኩ።»

ሪሞቱን አንስታ ድምፁን አጠፋችው። «ዝም በይ እስቲ» አለቻት ልጇን፤ ከዚያም ወደ እሱ ጠጋ ብላ ተቀመጠች።

«በል እንግዲህ፣ አሁን ምን እያላት ነው?»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰውየው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ስንቱን ደንበኛ ሲያደነቁር የኖረው ሃያሲ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ፈርቷል» አለ።

«ምኑን?»

«ከራሱ ተናግሮ እንዳትስቅበት።»