ጠርቶ ዝም ማለት

የኔሰውን ሳገባው እንደ ሚዳቋ ግልገል እንደሚያለቅስ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ እርሻውን አሞገሱ፣ በሬዎቹን አሞገሱ፤ ማታ ማታ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት አውራ ጣቶቹ መሃል የሣር ቅጠል ወጥሮ እየነፋ፣ እናቱ የጠፋችበት ግልገል ሆኖ እንደሚጮኽ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። በደሃና ወረዳ እንደሱ አድርጎ ሚዳቋ የሚጠራ የለም ይላሉ። እኔ ግን ያንን ድምፅ እጠላዋለሁ። ሚዳቋዋ ልጄን ምን አገኘው ብላ በጨለማ እየሮጠች ስትመጣ ጎረቤታችን ሸጋው በጥይት ይቀበላታል። ሥጋውን ቀቅዬ አቀርባለሁ እንጂ እኔ አፌ ላይ አላደርሰውም።

"ዛሬ ደግሞ የማንን እናት ልታታልል ነው?" እለዋለሁ ሲወጣ።

"አንቺንስ በምን ያመጣሁሽ መሰለሽ?" ብሎ ይስቅብኛል።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ይጠራል፤ ሌላው ጀርባውን ለጠሪው ጀርባ ሰጥቶ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። የግልገል ለቅሶ የምትሰማው እናቲቱ ብቻ አይደለችማ፤ ነብርም ይሰማል። እናቲቱ ቅጠሉን እያንኮሻኮሸች በፊት ለፊት ትመጣለች። ነብር የሚመጣው ከኋላ ነው፣ ኮሽታም የለው። ስለዚህ የኔሰው ሸጋው ከሌለ አይጠራም። ሸጋው ካለም ቢሆን አያከታትልም፤ ጠርቶ ዝም ይላል፣ ያዳምጣል፣ ደግሞ ይጠራል።

ይህን ያወቅሁት ከልጃችን ከዮርዳኖስ ጋር ሲጫወቱ እያየሁ ነው። ሦስት ዓመቷ ነው። አጥር ሥር ይደበቅና "ምእእ" ይላታል። "ምእእ" ትለዋለች። ከዚያ ዝም ትላለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፤ ሲደግምላት ሄዳ ከተደበቀበት ታወጣዋለች። እሷ ሣርም አያስፈልጋት፣ በባዶ አፏ ነው። ልጄን አውሬ አታድርግብኝ ብዬ ስንቴ ተቆጥቻለሁ! አማቴ እትዬ ጥሩሐረግ ደግሞ የራሳቸውን ያስተምሯታል፦ ከመሸ በኋላ ስምሽን ከውጭ የሚጠራ ቢኖር አቤት እንዳትይ፣ የሚጠራሽ ሰው ላይሆን ይችላል። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ስለሆነ በዚህ እንኳ አልተጣላንም።

ያን ዕለት ሸጋው ለእህቱ ልጅ ክርስትና ጠመንጃውን አንግቶ ሰቆጣ ሄዷል። እኔ የቦኖው ወረፋ አቆይቶኝ ጀሪካኔን ተሸክሜ ስደርስ ፀሐይ ገብታለች። የኔሰውም ከእርሻ መግባቱ ነበር፤ ዶማውን ገና ከትከሻው አላወረደም። አማቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ወደ ገደሉ ያያሉ።

"ዮርዳ የት አለች?" አልኳቸው።

ልጃቸውን አዩት። "ካንተ ጋር አይደለችም እንዴ? ቅድም ከታች 'ምእእ' እያልክ ስትጠራት ሰማሁህ። 'አባየ ነው!' ብላ ብር አለች።"

የኔሰው ፊቱ አመድ መሰለ። "እኔ አልጠራኋትም፣ እማየ። ከላይኛው እርሻ ነው የመጣሁት።"

ልጄን የጠራት እውነተኛ ግልገል ነው ማለት ነው። ግልገል ደግሞ እንዲህ የሚጮኸው አንድ ነገር ሲይዘው ነው። ይህን ሦስታችንም አውቀናል።

አፋፉ ላይ ሮጥን። "ዮርዳ! ዮርዳየ!" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኽሁ። ገደሉ የራሴን ድምፅ መለሰልኝ። ለዓይን ያዝ አድርጓል። ያኔ ነው የገባኝ፦ ልጄ የታዘዘችውን እየፈጸመች ነው። በጨለማ ስሟ ሲጠራ አቤት አትልም። ምነው አንድ ቀን እንኳ እምቢተኛ በሆነች!

"በግልገሉ ድምፅ ጥራት" አልኩት።

"ሸጋው የለም።"

"አውቃለሁ።"

"ለራሴ ብዬ አይደለም፣ መስታወት። እኔ ስጠራት እሷ ትመልሳለች። ስትመልስ ነብሩም ይሰማታል።"

ሌላ ምርጫ ግን አልነበረንም። ሣር ቀጠፈና አንድ ጊዜ ነፋ። ዝም አለ። ከታች፣ ከትልቁ ወይራ አካባቢ፣ ቀጭን "ምእእ" መጣ። ልጄ ናት! ደስታዬን ሳልጨርሰው ከማዶ ዝንጀሮዎቹ በአንድ ጊዜ ጮኹ። ዝንጀሮ በዚያ ሰዓት እንዲያ የሚጮኸው ምን ሲያይ እንደሆነ እዚህ አገር የማያውቅ የለም።

የኔሰው ክንዴን ጨብጦ ወደራሱ ሳበኝ።

"ስሚኝ። አንቺ በፍየል መንገዱ ወደ ወይራው ውረጂ። ባትሪ እንዳታበሪ፣ እንዳትጠሪያት። እኔ በወዲያኛው ተረተር ወርጄ እጠራለሁ። ዝም አልልም።"

"ምን ማለት ነው ዝም አልልም?"

"እሷ የምትመልሰው ዝም ስል ነው። ካላቋረጥኩ አትመልስም። የሚሰማው የኔ ድምፅ ብቻ ይሆናል።"

"ጀርባህንስ?"

ዶማውን አሳየኝና ሄደ።

በቂጤ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ከወዲያኛው ተረተር የግልገሉ ለቅሶ ተነሣ፤ ምእእ፣ ምእእ፣ ምእእ፣ ትንፋሽ መውሰጃ እንኳ የሌለው። ስንት ዓመት የጠላሁትን ድምፅ እንዳታስቆምብኝ ብዬ ሚካኤልን ለመንኩት። ልጄን ወይራው ሥር ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። አንገቷን ዘንበል አድርጋለች። አባቷ ዝም እስኪልላት እየጠበቀች ነው።

አፏን በመዳፌ ይዤ አቀፍኳት፤ ሽቅብ መውጣት ጀመርኩ። መንገዱን ሳላጋምስ ድምፁ ቆመ። በመሃል ነው የቆመው፣ ምእ ብሎ። ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ። ከዚያ ምንም የለም።

አልተመለስኩም። ባሌን እወደዋለሁ፤ ግን አልተመለስኩም። በእቅፌ ልጅ ነበረችኝ።

አፋፉ ላይ የመንደሩ ሰው ተሰብስቧል። ወንዶቹ ዱላና ባትሪ ይዘው በወዲያኛው ተረተር ወረዱ። "የኔሰው! ኧረ የኔሰው!" ይላሉ። መብራቶቹ ድንጋይ ለድንጋይ ሲዞሩ አያለሁ። የሚመልስላቸው የለም።

"በስሙ ስለጠሩት ነው" አሉ እትዬ ጥሩሐረግ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። "ልጄ ደንብ ያውቃል። በጨለማ በስሙ ቢጠሩት አይመልስም። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ አይመልስም።"

ሁሉም ልጄን አያት።

መዳፌን ከአፏ ላይ አነሣሁ። "ጥሪው" አልኳት።

"ምእእ" አለች ወደ ገደሉ። ከዚያ አባቷ እንዳስተማራት ዝም አለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጥ ጀመር። እኛም አብረናት አዳመጥን።