የልሳነወርቅ እምቢታ

ልሳነወርቅ ሹመት እንዴት እንደሚቀበሉ ታውቃለች። መጀመሪያ እምቢ ይባላል። «እኔ ለዚህ አልበቃም፤ ከእኔ የሚሻሉ ሞልተዋል» ይባላል። ሰዎቹ ይለምናሉ፤ እንደገና እምቢ ይባላል፤ አሁንም ይለምናሉ። ከዚያ በኋላ ነው አንገት ደፍቶ «እንግዲህ ካላችሁ» የሚባለው። ገና ስሙ ሲጠራ ዘሎ የሚነሳ ምን ዓይነት ሰው ነው? እሷን ያሳደጓት ሰዎች ቢሆኑ እንዲህ ያለውን የዕድር ድንኳን እንኳ አያስጠብቁትም።

ችግሩ፣ አሜሪካ አገር አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለችው በዚያች ትንሽ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ይህን ወግ የሚያውቁት እሷና እንደ እሷ ከኢትዮጵያ የመጡት አዛውንት አቶ ገብረየስ ብቻ መሆናቸው ነው።

ያን ዓመት ቄሱ ጡረታ ወጡ። በዚያ ቤት ቄስ ሲሄድ ሌላው ዝም ብሎ ከላይ አይላክም፤ ምእመናን የመረጧቸው ሰዎች ቤቱን እያስተዳደሩ ፈልገው ያመጣሉ። የእነሱ አውራ ዋርደን ይባላል። ቅስና የለውም፤ ነገር ግን ከሚያፈሰው ጣሪያ እስከ አዲሱ ቄስ ፍለጋ የሱ እጅ የማይገባበት የለም።

ልሳነወርቅ ይህን ሥራ ከልቧ ፈለገችው። ባሏ ለገሰ ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ፣ እኚያ ቄስ እየመጡ አጠገቡ ይቀመጡ ነበር። ስብከታቸው እንቅልፍ ያስመጣል፤ በሽተኛ አጠገብ መቀመጥ ግን ያውቁበታል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር እንዲመጣ የምትፈልገው። ለዋርደንነት የታጨው ሚስተር ኮሊንስ ደግሞ፣ ደግ ሰው ነው፣ ግን አንደበተ ርቱዕና ወጣት የሚሰበስብ ቄስ ያሻናል ባይ ነበር።

በጥር፣ ከእሁድ ቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የዋርደን ምርጫ ስብሰባ ሆነ። አቶ ገብረየስ ተነስተው ልሳነወርቅን ጠቆሙ። ሰብሳቢዋ ሚስ ፓትሪሺያ ትቀበል እንደሆነ ጠየቀቻት። ልሳነወርቅ አቀርቅራ እንደማትበቃ፣ ከእሷ የሚሻሉ እንዳሉ ተናገረች። ከዚያም ልመናውን ጠበቀች።

ሚስ ፓትሪሺያ አመሰገነቻት። ውሳኔዋን እንደሚያከብሩ ነግራት ስሟን ከሰሌዳው ላይ አጠፋችው። ሚስተር ኮሊንስ ሲጠየቅ ፈገግ ብሎ እሺ አለ።

ልሳነወርቅ ክው አለች። አቶ ገብረየስ ብድግ ብለው፣ እምቢታዋ እምቢታ አይደለም፣ እንደገና ጠይቋት ሲሉ በእንግሊዝኛቸው ታገሉ። ሚስ ፓትሪሺያ ግራ ገባት። አልፈልግም ያለን ሰው እንዴት እናስገድዳለን አለች፤ በእሷም አይፈረድም።

«ተዪው ልሳኔ» አሉ አቶ ገብረየስ ተቀምጠው። «ኦልሬዲ ሙቭ ኦን አድርገዋል፤ አልፈውታል። ለከርሞ ይደርሳል።»

ለከርሞ ግን ቄሱ ተመርጦ አልቋል። ነገ ማን ታሞ አልጋ ላይ ሆኖ ቄስ ይመጣል እያለ በር በሩን እንደሚያይ አሰበች። ፊቷ እየነደደ ተነሳች።

«ቅድም ያልኩት ለትሕትና ነው» አለች በእንግሊዝኛ። «ሥራውን እፈልገዋለሁ። የታመመ ሰው ዘንድ የሚሄድ ቄስ እንድናመጣ እፈልጋለሁ።»

አንድም ሰው አልሳቀባትም። ሚስ ፓትሪሺያ ስሟን መልሳ ጻፈችው፤ አለቀ። ዕድሜ ልኳን የፈራችው ነገር ይኸው ኖሯል። ድምፅ ሲሰጥ ብዙው እጅ ለእሷ ወጣ፤ የራሷም እጅ ከመካከሉ ነበር።

ወደ መኪና ማቆሚያው ሲሄዱ አቶ ገብረየስ አኩርፈዋል።

«ሹመት በአፍሽ ትጠይቂያለሽ?» አሉ። «ይባስ ብለሽ ለራስሽ እጅ ታወጪያለሽ? እኔ አፈርኩልሽ።»

«አወጣሁ፣ አቶ ገብረየስ። እርስዎ ቢታመሙ ማን እንዲመጣልዎ ነው የሚፈልጉት?»

አቶ ገብረየስ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የመኪናቸውን በር ከፈቱ።

«አጠገቤ ቁጭ የሚል ሰው» አሉ።