የተበላው ጣውላ

ወለሉ ከመነካቱ በፊት እንዲህ ነበር። ሳሎኑ በጣልያን ጊዜ የተነጠፈ የወይራ ጣውላ ነው። በግድግዳው ሥርና በቁም ሣጥኑ ግርጌ አሮጌው ቫርኒሽ እንደ ማር ጠቁሮ ይታያል፤ ሰው በሚረግጥበት በኩል ግን እንጨቱ ራቁቱን ቀርቷል። ከመኝታ ቤቱ በር ተነሥቶ፣ በውጭው በር ሥር አልፎ፣ ጠረጴዛውን ታክኮ፣ በስተምሥራቅ እስካለው መስኮት ድረስ እንደ ፍየል መንገድ የጎደጎደ መስመር አለ። መስኮቱ ሥር ሲደርስ በሁለት ጎድጓዶች ያልቃል። ዝማሬ በላያቸው ክር ወጥራ በማስመሪያ ስትለካቸው ጥልቁ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሆነ።

ጎድጓዶቹ የአባቷ የመሪጌታ ወልደኢየሱስ እግሮች ናቸው። መሪጌታ፣ ዝማሬ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ፣ ጧት ጧት እዚያ ቆመው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዳዊት ይደግማሉ።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ከመስመሩ ዳር የተሰነጠቀች አንዲት ጣውላ እግራቸውን ያዘችና ጣለቻቸው። ያበጠው የእጃቸው አንጓ ብቻ ነበር። ሐኪሙ ግን ዝማሬን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «በዚህ ዕድሜ ዳሌ ከተሰበረ መነሣት የለም» አላት። እሷም በሆስፒታል ላቦራቶሪ የምትሠራ ናት፤ ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋትም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሐሳብ ብቻ ያዛት፦ አባቷ በገዛ ቤታቸው በገዛ እግራቸው መሄድ እንዳያቅታቸው።

ከጎንደር ወጣ ብላ ካለችው ከፀዳ፣ ዕንባቆም የሚባል አናጢ አስጠራች። ዕንባቆም ተንበርክኮ ጣውላውን በጥፍሩ ጫረ፣ በጣቱ አንኳኳ።

«ሁለት መንገድ አለ» አለ። «አንዱ የተጎዳውን ብቻ ቆርጦ አውጥቶ መተካት ነው። ይሆናል፤ ግን በአሮጌ ሱሪ ላይ እንደተለጠፈ አዲስ እራፊ ከሩቅ ይጠራሻል። ሌላው የተበላውን መስመር በሙሉ አንሥቶ በአዲስ መተካት፣ ከዚያ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር በማሽን ልጎ ቫርኒሽ ማልበስ ነው። ያን ጊዜ ፊትሽን ታይበታለሽ።»

«ፊቴን የማይበት መስታወት አለኝ። እኔ የምፈልገው አባባ እንዳይወድቁ ነው።»

«እንግዲያማ አንድ ወጥ ይሁን። ከፍ ዝቅ ካለበት መሰናከል አይጠፋም።»

መሪጌታ ከወንበራቸው ሆነው፣ «የተሰነጠቀችዋን አንዷን ቀይርና ሂድ» አሉት። «ሌላውን እንዳትነካብኝ።»

«መሪጌታ፣ እኔኮ እንጀራዬ ነው!»

«እንጀራህን ሌላ ቤት ጋግር።»

ዕንባቆም ሳቀ። ዝማሬ ግን አልሳቀችም። «ምነው አባባ? ወድቀውበት እንኳ?»

«ለእኔ ሸጋ ነው። እግሬ ለምዶታል።»

ዝማሬ ይህን የሽማግሌ ግትርነት አድርጋ ቆጠረችው።

በሚያዝያ የመሪጌታ የልጅነት ጓደኛ አያ ዓለምነው ከትክል ድንጋይ መጡ። የጊዮርጊስን በዓል በሀገራቸው አብረው ሊያከብሩ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ወትሯቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ታክሲው ወረዱ። ጎንደር ላይ ሁለት ወንድ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲሄድ ዞሮ የሚያይ የለም፤ ዝማሬም አላየችም። ታክሲው ከዓይኗ ሲሰወር ለዕንባቆም ደወለች።

በዓሉ ሳያልፍ ወለሉ አለቀ። ዝማሬ ውሃ ልክ አስቀምጣ አየችው፤ አረፋዋ መካከል ላይ ቁጭ አለች። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ጥፍሯን ጎተተች፤ አንድም ቦታ አልያዛትም። ዕቃውን ሁሉ በነበረበት መለሰች፤ አባቷ የሚሰናከሉበት ነገር አልቀረም።

ሲመለሱ ረፋድ ላይ ነበር፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ቤቱን ሞልታዋለች። አያ ዓለምነው ደጃፉ ላይ እንደ ልማዳቸው የጓደኛቸውን እጅ ለቀቁ። መሪጌታ ጫማቸውን አወለቁ። አንድ እግራቸውን አስገብተው ቆሙ። ከዚያ የእግር ጣታቸው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፤ ወንዝ መካከል የሚረግጠውን ድንጋይ እንደሚፈልግ ሰው።

«ዓለምነው፣ የማን ቤት ነው ያስገባኸኝ?»

ዝማሬ የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። «ወደዱት አባባ?»

ቆማ የነበረችው ፊት ለፊታቸው፣ እጅ ቢዘረጉ በሚነኳት ርቀት ነው። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ቁም ሣጥኑ አዞሩ።

«ዝማሬ፣ የት ነሽ?»

ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ቀኝ እጇን አንሥታ በዓይናቸው ፊት አሳለፈች። ደግማ አሳለፈች። ዓይናቸው ጥርት ያለ፣ ሞራ ያልጋረደው፣ እሷ ዕድሜ ልኳን የምታውቀው ዓይን ነው፤ ግን እጇን አልተከተለም። ጠረጴዛውን ያዘች።

«መንገዴን ምን አደረግሽው?» አሉ።

አያ ዓለምነው ወለሉን አይተው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ኧረ በጊዮርጊስ! ምነው ልጄ፣ አታውቂም ኖሯል? ዓመታት አለፈውኮ!»

«ዳዊት ያነባሉ!» ብላ ጮኸች። «በየጧቱ ገጽ ሲገልጡ አይቻለሁ! በዓይኔ አይቻለሁ!»

«መዝሙሩ የት ላይ እንደሚያልቅ ሳላውቅ ነው መሪጌታ የተባልኩት?» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «በቃል የተማርኩትን እደግማለሁ፤ ገጹን እጄ ይገልጠዋል። ውጭ ስወጣ ወዳጅ እጄን ይይዘኛል። እዚህ ቤት ደግሞ ወለሉ ይመራኝ ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም? እኔኮ ሆስፒታል ነው የምሠራው!»

«ሲጀምረኝ አንቺ ለትምህርት ጅማ ልትሄጂ ነበር። ብነግርሽ ትቀሪ ነበር። ስትመለሺ ደግሞ፣ አንዴ ደኅና ነኝ ያልኩትን በምን አፌ ልለውጠው?»

ዝማሬ በጠብታ ደም ውስጥ የወባ ተውሳክ ፈልጋ የምታገኝ ናት። ይህን ግን በገዛ ቤቷ አላየችም። አባቷን እጃቸውን ይዛ ወንበራቸው ላይ አስቀመጠችና፣ አያ ዓለምነውን አደራ ብላ ወደ ፀዳ ወረደች።

ዕንባቆም ጣውላ ሲልግ ደረሰችበት።

«ያወጣሃቸው የተበሉት ጣውላዎች የት አሉ?»

«ምነው፣ ናፈቁሽ እንዴ?»

«የት አሉ?»

«ሚስቴ ለግንቦት ልደታ ጠላ ልትጠምቅ ጋኗን አጠነችባቸው። ቫርኒሽ ያለበት ለዚህ አይሆንም፤ ያንቺ ግን በእግር የተላጠ፣ ንጹሕ ወይራ! ጎረቤቱ ሁሉ ተሻማው።»

ዝማሬ ፍቅፋቂው ላይ ቁጭ አለች። ዕንባቆም ቀልዱን ሊቀጥል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። የሆነውን በቁርጥራጭ ቃል ስትነግረው መላጊያውን አስቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ከመሥሪያው ጠረጴዛ እግር ሥር፣ እንዳይወዛወዝ ያስገባትን አንዲት ረዘም ያለች ቁራጭ ጣውላ መዘዘ። መካከሏ ጎድጉዷል።

«ይቺ ብቻ ተርፋለች» አለ። «ከመኝታ ቤቱ በር ሥር የነበረችው ናት።»

በማግሥቱ ዝማሬ አባቷን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት መሆኑን፣ ከውጭ ምልክት ሳያሳይ ከውስጥ እንደሚጨርስ፣ የጠፋው ብርሃንም እንደማይመለስ ነገራት። እሷ ይህን በትምህርቷ ታውቀው ነበር።

እነሱ ሲመለሱ ዕንባቆም አዲሱን ጣውላ ከመኝታ ቤቱ በር ሥር ቆርጦ አሮጌዋን በቦታዋ አስገብቶ ጨርሷል። መሪጌታ መኝታ ቤታቸው ገብተው ተመልሰው ወጡ። እግራቸው ጎድጓዳዋን ሲያገኝ ትከሻቸው ቀና አለ፤ አንድ እርምጃ ቀጥ ብለው ሄዱ። አዲሱ እንጨት ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ እጃቸውንም ወደ አየሩ ዘረጉ። ዝማሬ ያዘቻቸው።

ከመኝታ ቤቱ በር እስከ መስኮቱ አራት ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር ነው። መሪጌታ ብቻቸውን የሚሄዱት አሮጌዋ ጣውላ ያለችበትን ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ነው።