የጋሽ ሽብሩ አሸዋ

1.

መጀመሪያ አሸዋውን አድርቅ።

እርጥብ አሸዋ እንጨት ያበሰብሳል። ጭብጥ አድርገህ ያዘውና እጅህን ክፈት። ቅርጹን ይዞ ከቀረ እርጥብ ነው፤ በጣቶችህ መሃል ከፈሰሰ ደርቋል። ይህን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ጋሽ ሽብሩ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት የጨረሱ ሰው።

2.

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦

ጣውላ። ሚስማር።
ወንፊት (የጋሽ ሽብሩ)።
ሸራ (የጋሽ ሽብሩ)።
የሦስት ቀን ፀሐይ።
አሸዋውን በአካፋ የሚያገላብጥ ሰው (ጋሽ ሽብሩ፤ እኔ ሥራ ቦታ ነበርኩ)።

ላመሰግናቸው ስል «ተወኝ እስቲ፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» አሉኝ።

3.

«ለመሆኑ ሳሎን ውስጥ መድረክ ምን ያደርግልሃል? ልትዘፍን ነው?»

«ቤቴ ውስጥ ሲኒማ ልሠራ ነው፣ ጋሽ ሽብሩ። ድምፅ ማጉያው ባዶ ጣውላ ላይ ከተቀመጠ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። አሸዋ ሲሞላበት ጣውላው ዝም ይላል።»

«ጉድ እኮ ነው!» ሳቁ። «በል፣ ሲያልቅ የመጀመሪያዋ ወንበር የኔ ናት።»

«ታዲያ የማን ልትሆን ኖሯል?» አልኳቸው።

4.

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመጀመሪያው ፊልም። አለቃዬና ሦስት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ መጡ።

ጋሽ ሽብሩን አልጠራሁም። ሲሚንቶ የጠጣ ኮታቸውን፣ በየመሃሉ የሚጠይቁትን ጥያቄ አሰብኩና ለሌላ ቀን አቆየኋቸው። አለቃዬ መድረኩን በጫማው መታ መታ አድርጎ «አለት እኮ ነው!» አለኝ። ኮራሁ።

6.

አምስትን ዘልዬዋለሁ። አውቄ ነው። እመለስበታለሁ።

በዚያው ቅዳሜ ጋሽ ሽብሩን ደረታቸውን ወጋቸው። በሰፈራችን መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ወደ እኔ ሮጡ። የግቢዬን የቆርቆሮ በር ደበደቡ። የከፈተላቸው የለም። ወደ አስፋልት ወጥተው ታክሲ እስኪያገኙ ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ጋሽ ሽብሩ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ።

7.

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የተባለ፦

— መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር እኮ።
— አልሰማ ይሆናላ። ያን ሁሉ አሸዋ ሞልቶ እንዴት ይስማ?
— እውነት ነው፤ አሸዋው ነው።

እኔ አንገቴን ደፍቼ ንፍሮ እቆረጥም ነበር።*

* አሸዋው የሚያፍነው የመድረኩን ጩኸት ብቻ ነው። የበር ኳኳታ አያስቀርም። ድንኳኑ ውስጥ ይህን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

5.

ፊልሙ ዝግ ያለበት ቦታ ላይ በሩ ተንኳኳ።

«በር የሚመታ መሰለኝ» አለ አለቃዬ።

ጋሽ ሽብሩ ወንበራቸውን ብለው የመጡ መሰለኝ። በዚህ ሁሉ እንግዳ ፊት፣ በዚያ ኮት።

«ፊልሙ ውስጥ ነው» አልኩት።

ደግሞ ተንኳኳ።

ድምፁን ጨመርኩ።

ያኔ ያፈርኩት በእሳቸው ነበር።

8.

አርባቸው ባለፈ ማግስት እትዬ አስካለ ወንፊቱን ሊወስዱ መጡ። መቃብሩን ሊያስገነቡ ነው። ግቡ አልኳቸው፤ ገብተው የመጀመሪያዋ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መድረኩን ብዙ አዩት።

«እሱ ያደረቀው አሸዋ እዚህ ውስጥ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሰው ሁሉ አሸዋው ነው ይለኛል። እኔም እሱን ይዤ እጽናናለሁ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ያን ቀን አልሰማኸኝም፣ አይደል ልጄ?»

«                                        »