በጀሶ የተደፈነው ሳህን

ኦርፋ ቫንደርሁፍ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የተመኘችው አንድ ነገር ነው፤ ሰማያዊ ዝርግ ሳህኗ የአሜሪካ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥላት። የዴከር መሻገሪያ መንደር የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች በየግንቦቱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሁለት ጠረጴዛ ይዘረጋሉ። «የአሜሪካ» በሚባለው ላይ እንግሊዞች ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የአሜሪካን ከተማና ወንዝ እያተሙ የላኳቸው ሳህኖች ይደረደራሉ። ሁለተኛው «ልዩ ልዩ» ይባላል፤ አፉ የተሸረፈ ማንቆርቆሪያ ሳይቀር ይጣልበታል። የኦርፋ ሳህን ዕጣ ፈንታው እዚያ ነበር።

«የኛው መሻገሪያ እኮ ነው! ኮረብታው ይኸው፣ ጀልባው ይኸው» ትላለች ኦርፋ በየዓመቱ ሥዕሉን እያሳየች።

«እንግሊዝ አገር ኮረብታና ጀልባ ጠፍቶ ነው?» ይላታል የራሱ ሳህን በአሜሪካ ጠረጴዛ መሃል የሚቀመጠው ሊቀመንበሩ አልደን ክረም። «ከጀርባው ስም ከሌለው ወሬ ነው፣ ኦርፊ።»

ስሙ የሚታተምበት ቦታ ደግሞ ተሰብሮ ጠፍቷል። ሳህኑ ከባሏ አያቶች ቁም ሣጥን ሲወጣ መሃሉ መዳፍ በሚያህል ጀሶ ተደፍኖ ነበር። እሷ ግን ድርቅ ያለች ሴት ናት።

ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ ለቲማቲም መደብ ስትቆፍር፣ የድሮው ሽንት ቤት የነበረበት ጥግ ላይ አካፋዋ ቀጭ አለ። የጥንት ሰው ሰባራ ዕቃውን የሚጥለው እዚያ ነው። አንድ የሳህን ስባሪ አወጣችና ጭቃውን በሽርጧ ጠረገችው፤ ሰማያዊ! ገለበጠችው፤ ፊደል አለው። እዚያው ጭቃ ላይ ቁጭ አለች።

ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ጀሶውን በውሃ አላላችው እንጂ ስባሪውን ሳህኑ ላይ ገጥማ አልሞከረችውም። ባይገጥምስ ብላ ፈርታ ነው።

በግንቦት አልደን ገና ከሩቅ ሳቀ። «ዘንድሮም መጣሽ?»

«መጣሁ። መነጽርህን አድርግ።»

በሹራብ መሥሪያዋ ኪሮሽ ጀሶውን ፈነቀለችው።

«ሴትዮዋ አበደች!» አለ አንዱ።

ስባሪውን ከካልሲ ውስጥ አወጣችና ቀዳዳው ውስጥ አስገባችው። ግጥም አለ። ያ ሁሉ ዘመን ራስ አልባ የነበረው የጀልባው ቀዛፊ ጭንቅላቱን አገኘ። በመዳፏ ደግፋ ገለበጠችው። አልደን አጎንብሶ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ።

«የዴከር መሻገሪያ፣ ሁድሰን ወንዝ» አለ ጮክ ብሎ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ኦርፋ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። አልደን ሳህኑን በሁለት እጁ ታቅፎ ወደ አሜሪካ ጠረጴዛ ወሰደው።

«የት ላድርገው፣ ኦርፊ?»

«መሃል፣ ያንተ ያለበት ላይ።»

«የኔስ?»

«ልዩ ልዩ ላይ አንድ ቦታ ተለቋል።»